ቅጠሉና ወረቀቱ

አሜሪካ ውስጥ ዕፅ ይዞ በመገኘት የተከሰሰ፣ ገና ዜግነት ያላገኘ ሰው ጠበቃውን መጀመሪያ ምን ይጠይቅ?

ጠዋት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በሰሜን ቨርጂኒያ ካሉ ፍርድ ቤቶች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከችሎቱ በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ነጠላቸውን በካፖርታቸው ላይ ያጣፉ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳን የተሻገረ ሴት ናቸው። አጠገባቸው ያለው ወጣት የእህታቸው ልጅ ነው። ፍተሻው ጋ ያወለቀውን ቀበቶ መልሶ አልታጠቀውም፤ ጠቅልሎ በእጁ ይዞታል። እሳቸው ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡትን የፕላስቲክ አቃፊ በሁለት እጃቸው ተጭነውታል። ውስጡ የልጁ የግሪን ካርድ ቅጂ፣ የደመወዝ ወረቀቱ፣ ከደብሩ አስተዳዳሪ የተጻፈለት የመልካም ጠባይ ምስክርነትና የክሱ ወረቀት አለ።

«ለቅጠል!» አሉኝ። «ሐረር ተወልጄ፣ በራችን ላይ ሲሸጥ እያየሁ ነው ያደግኩት። ወንጀል ነው ሲባል የሰማሁት እዚህ አገር ነው።»

ልጁ ማታ ማታ በመኪናው ምግብ ያደርሳል። ከስድስት ሳምንት በፊት በትራፊክ ጥፋት እንዲቆም ተደረገ። ፖሊሱ «መኪናህን ልፈትሸው?» ሲለው «ይችላሉ» አለ። ከኋላ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ መንገደኛ ካደረሰለት ሽሮና በርበሬ ጋር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የደረቀ ጫት ተገኘ። «ይሄ ምንድን ነው?» ቢባል ምንም ሳይደብቅ መለሰ፦ ጫት ነው፤ የኔ ነው፤ እዚህ እንደማይፈቀድ ሰምቻለሁ፤ አገሬ ግን ማንም የሚቅመው ነው።

ዐቃቤ ሕግ ብዙ ደክሞ ማስረዳት የሚጠበቅበትን ሁሉ ልጁ መንገድ ዳር ቆሞ በገዛ አፉ አስረዳለት።

አክስቱ ያሰቡት መፍትሔ አጭር ነው። ዳኛው ፊት ቀርቦ፣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ቅጣቱን ይከፍላል፤ ነገ ሥራው ይገባል። ይህን ምክር እዚህ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በምግብ ቤት፣ በእድር ስብሰባ ላይ ሰው ለሰው የሚሰጠው ምክር ነው፤ የሚመጣውም ከፍቅር ነው። ዜጋ ለሆነ ሰው አንዳንዴ ያዛልቅ ይሆናል። ግሪን ካርድ ለያዘ፣ ጥገኝነት ለጠየቀ ወይም በተማሪ ቪዛ ላለ ሰው ግን አገሩን፣ ሥራውንና ልጆቹን የሚያሳጣው ይኸው ምክር ሊሆን ይችላል።

ጫት ሕግ ፊት ሲቆም

ከሐረር ብዙም የማትርቀው አወዳይ ሌሊቱን ሙሉ የማትተኛ የጫት ገበያ ናት። የተቀነጠበው ጫት ተጠቅልሎ በመኪናና በአውሮፕላን እየተሽቀዳደመ ጅቡቲና ሶማሌላንድ ይደርሳል። የጥድፊያው ምክንያት ኬሚስትሪ ነው። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። ጫቱ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ አብዛኛው ካቲን ወደሚባል ደከም ያለ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ነጋዴው በገበያ ቋንቋ «ጠውልጓል» የሚለው ነገር ላቦራቶሪ ውስጥ የሚታየው እንዲህ ሆኖ ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ተክሉን በስሙ አይጠራውም። የሚጠራው ሁለቱን ንጥረ ነገሮች ነው። ካቲን ከ1988 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አራተኛው መደብ ውስጥ ነው። ካቲኖን ደግሞ ከ1993 ጀምሮ ሄሮይን ባለበት በአንደኛው መደብ ውስጥ ተመዝግቧል። አዲስ ለመጣ ሰው ይህን ማመን ይከብደዋል። አያቱ ከቡናና ከዕጣን ጋር የሚያውቁት ቅጠል ከሄሮይን ጎን ተጽፎ ሲያይ የተሳሳቱ ይመስለዋል።

አገሮችም አንድ ዓይነት አይደሉም። እንግሊዝ እስከ ሰኔ 2014 ድረስ ጫት በይፋ ሲሸጥባት ቆይታ ከዚያ በኋላ ከልክላዋለች። እስራኤል ውስጥ ከየመን የመጡ አይሁዶች ቅጠሉን መቃማቸው ወንጀል አይደለም። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ደግሞ ያው ቅጠል እስር ቤት ያስገባል። አንዱ አገር ያለ ዘመድ የነገረውን ይዞ ሌላው አገር መንቀሳቀስ ያስመታል።

ማሪዋናም የዚህ ግራ መጋባት ሌላ መልክ ነው። ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2021፣ ሜሪላንድ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ለአዋቂ ሰው የተወሰነ መጠን መያዝን ፈቅደዋል፤ ዋሽንግተን ዲሲ ቀድማቸዋለች። ይህ ፈቃድ የግዛት ፈቃድ ነው። የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ የፌዴራል ነው፤ በፌዴራሉ መዝገብ ማሪዋና የተከለከለ ዕፅ ነው። ሱቅ ገብቶ፣ መታወቂያ አሳይቶ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ የገዛ ሰው በዜግነት ቃለ መጠይቁ ላይ «ተጠቅመህ ታውቃለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነገሩ ይገባዋል። በ2019 የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ይህንኑ በጽሑፍ መመሪያው አስፍሯል፤ ግዛቱ ቢፈቅድም ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ሥነ ምግባር ሊያሳጣ ይችላል ብሎ።

«ይዞታ» አይደለም

በፍርድ ቤቶች ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስታስተረጉም ዓመታት ያሳለፈች ሴት አንድ ነገር አጫወተችኝ። ሥራ እንደጀመረች የክሱን ስም «ይዞታ» ብላ ተረጎመችው። ተከሳሹ ሽማግሌ ዞር ብለው አዩዋትና «ልጄ፣ እኔ እዚህ አገር ምን መሬት አለኝ?» አሏት። ከዚያ ወዲህ «ይዞ መገኘት» ነው የምትለው። እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያረካትም፤ ምክንያቱም ሕጉ የሚለው በእጅና በኪስ ያለውን ብቻ አይደለም።

በሕጉ ዓይን ሁለት ዓይነት መያዝ አለ። አንዱ ዕፁ ሰውየው ላይ ሲገኝ ነው። ሌላው እሱ ላይ ባይገኝም፣ መኖሩን አውቆ በቁጥጥሩ ሥር ሲያደርገው ነው፤ በመኪናው፣ በመኝታ ክፍሉ፣ በዕቃ ማስቀመጫው። ክርክሩ የሚበዛው በሁለተኛው ላይ ሲሆን ቁልፉም «አውቆ» የሚለው ቃል ነው። የቨርጂኒያ ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ዕፅ የተገኘበት ቤት ወይም መኪና ባለቤት መሆን ወይም እዚያ ውስጥ መገኘት ብቻውን፣ ሰውየው አውቆ ይዞታል የሚል ግምት አያስወስድም። ሌሊቱን ሙሉ የማያውቃቸውን ሰዎች ሲያመላልስ ለሚያድር የታክሲና የኡበር ሹፌር ይህ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ጋሻ ነው። ጋሻው የሚሰበረው «የማነው?» ሲባል ደንግጦ «የኔ ነው፣ ይቅርታ» ሲል ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ አደራ የሚባል ነገር አለ። «ይህቺን ለእህቴ አድርስልኝ» የተባለ ሰው ጥቅሉን ፈትቶ ማየት ነውር ይመስለዋል። ብዙ ሰው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ በሻንጣው ውስጥ ያለውን ሁሉ አያውቅም። አለማወቁ እውነት ከሆነ መከላከያ ነው። በጫት ጉዳይ ይህ ጥያቄ ከፍ ካለ ችሎት ደርሷል። በ2003 በቦስተን የሚያስችለው አንደኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ተከሳሹ የተከለከለ ነገር መሆኑን ያውቅ ነበር ለማለት ማስረጃው ይበቃል ብሎ ፍርዱን አጸና። በ2005 ደግሞ በሲንሲናቲ የሚያስችለው ስድስተኛው ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ተከሳሹ ጫት ውስጥ የተከለከለ ንጥረ ነገር እንዳለ ማወቁን ዐቃቤ ሕግ በበቂ አላስረዳም ብሎ ሻረው። ቅጠሉ አንድ ነው። ሁለቱን ሰዎች የለያቸው ያውቁት ስለነበረው ነገር የቀረበው ማስረጃ ነው።

> «ይዤው የነበረው ለጓደኞቼ ነው» የሚለው ቅን መልስ ክሱን ከመያዝ ወደ ማከፋፈል ሊያሻግረው ይችላል።

እዚህ ላይ ጎልቶ መነገር ያለበት አደጋ አለ። በርጫ ብቻውን የሚቀመጥ የለም፤ ጫት የጨዋታ ነገር ነው። ስለዚህ ብዛቱን አይቶ «ይህን ሁሉ ብቻህን ነው የምትቅመው?» ብሎ ለጠየቀው ፖሊስ የእኛ ሰው «ኧረ ከጓደኞቼ ጋር ነው» ይላል። በፌዴራል ሕግ ግን ያለ ገንዘብ መስጠትም ማከፋፈል ነው። ከዚያ ላይ ትናንሽ ከረጢት፣ ሚዛን ወይም በርከት ያለ ጥሬ ገንዘብ ከተገኘ ክሱ «ለማከፋፈል አስቦ መያዝ» ይሆናል። በኢሚግሬሽን ሕግ የዕፅ ንግድ ከባዱ የወንጀል ምድብ ውስጥ ስለሚገባ የጥገኝነትንም በር ሳይቀር ይዘጋል።

ታዲያ መንገድ ዳር ምን ይደረግ? ያነጋገርኳቸው የወንጀል ጠበቆች ሁሉ ምክራቸው አንድ ነው። መንጃ ፈቃድና የመኪናውን ወረቀት ስጥ፤ እጅህ ይታይ፤ አትዋሽ፣ አትሩጥ፤ ለፍተሻ ሲጠየቅ በትሕትና «አልፈቅድም» በል፤ ስለ ጉዳዩ ጠበቃ ሳላገኝ አልናገርም በል። ፖሊሱ ያለ ፈቃድህ ቢፈትሽ አትታገለው፤ ፍተሻው ሕጋዊ መሆን አለመሆኑ በኋላ ችሎት ላይ ይመረመራል፤ ሕገ ወጥ ከሆነ የተገኘው ማስረጃ ሊወድቅ ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 እንደወሰነው፣ ለትራፊክ ጥፋት የቆመን መኪና በቂ ጥርጣሬ ሳይኖር አነፍናፊ ውሻ እስኪመጣ ማቆየት አይቻልም። ፈቅዶ ላስፈተሸ ሰው ግን ይህ ሁሉ ክርክር ከእጁ ይወጣል። ለባለ ሥልጣን «እምቢ» ማለት ለእኛ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። አገር ቤት ሳለን ዝም ያለ ሰው ጥፋተኛ ይመስል ነበርና።

ላቦራቶሪው የሚለውጠውና የማይለውጠው

የደረቀ ጫት ወደ መንግሥት ላቦራቶሪ ሄዶ ውጤቱ በወረቀት ይመጣል። በዚያ ወረቀት ላይ የጥቂት ፊደላት ልዩነት የሰው ዕድል ይለውጣል። ካቲኖን ከተገኘ፣ በቨርጂኒያ አንደኛ ወይም ሁለተኛ መደብ ዕፅ መያዝ ከ1 እስከ 10 ዓመት ሊያሳስር የሚችል ከባድ ወንጀል ነው፤ ዳኛው ወይም ጁሪው ዝቅ አድርጎ ከ12 ወር በማይበልጥ እስር ሊወስነውም ይችላል። ካቲኖኑ ሙሉ በሙሉ ተለውጦ ካቲን ብቻ ከቀረ ደግሞ አራተኛው መደብ ነው፤ ከ6 ወር የማይበልጥ እስር ያለው ቀላል ወንጀል። ስለዚህ የወንጀል ጠበቃ ውጤቱን ሳያይ አይደራደርም። ጫቱ መቼ ተያዘ፣ እንዴት ተቀመጠ፣ መቼ ተመረመረ ብሎ ይጠይቃል።

ጠበቃው ካቲን ብቻ መሆኑን አረጋግጦ፣ ክሱን ከከባድ ወደ ቀላል አስወርዶ፣ ደንበኛውን ያለ እስር ቢያስወጣው ድል ነው። ቤተ ዘመድ ድግስ ይደግሳል። በኢሚግሬሽን መዝገብ ላይ ግን ይህ ድል አይታይም። ካቲንም በፌዴራሉ ዝርዝር ውስጥ ነዋ። ሕጉ የሚለው፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው አሜሪካ ከገባ በኋላ በፌዴራል ዝርዝር ባለ ዕፅ ጥፋተኛ ከተባለ ለመባረር ይዳረጋል ነው። የተለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለራስ መጠቀሚያ የተያዘ፣ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። ጫት በዚህ ቀዳዳ አያልፍም።

> የወንጀሉ ችሎት የሚያየው ቅጣቱን ነው፤ ኢሚግሬሽን የሚያየው የወንጀሉን ስም ነው።

ጥፋተኝነት የሚለው ቃልም ሁለት ትርጉም አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዕፅ የተከሰሰ ሰው ጥፋቱን አምኖ፣ ኮርስ ወስዶ፣ የሽንት ምርመራ እየሰጠ ከቆየ በኋላ ክሱ የሚሰረዝለት አሠራር በብዙ ግዛቶች አለ። «ሪከርድ አይኖርብህም» ይባላል፤ በግዛቱ ሕግ እውነት ነው። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ ግን ሰውየው ጥፋቱን ካመነ ወይም ለጥፋተኝነት የሚበቃ ፍሬ ነገር ከተቀበለ፣ ዳኛውም አንዳች ግዴታ ከጣለበት፣ ክሱ በኋላ ቢሰረዝ እንኳ ለኢሚግሬሽን ጥፋተኛ ነው ይላል። ከዓመታት በኋላ እናት ሞታ ለቀብር አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ፣ ወይም ለዜግነት አሻራ ሲሰጥ፣ የተረሳው ጉዳይ ይነሳል። በዕፅ ጥፋተኛ የተባለን ሰው ኢሚግሬሽን ሲይዘው ደግሞ በአብዛኛው ያለ ዋስትና ነው የሚያቆየው። ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ጠበቃ የሚያቆመው በራሱ ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ከሌለው ብቻውን ይቆማል።

ይህን የሚመለከተው ትልቁ ውሳኔ የአንድ ከባድ መኪና ሹፌር ስም አለበት። ሆሴ ፓዲያ የሆንዱራስ ተወላጅ ሲሆን በአሜሪካ ከ40 ዓመት በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት የዘመተ ሰው ነበር። ኬንታኪ ውስጥ በመኪናው ማሪዋና ተገኘበት። ጠበቃው፣ ይህን ያህል ዘመን ስለኖርክ በኢሚግሬሽን አትጨነቅ አለው። አምኖት ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ የመባረር አደጋም ተጋረጠበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2010 በሰባት ለሁለት ድምፅ፣ የወንጀል ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው ጥፋተኛ ነኝ ማለት ከአገር የሚያስባርረው መሆን አለመሆኑን የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። ይህ ግዴታ በገንዘብ የተቀጠረውንም መንግሥት ያቆመውንም ጠበቃ እኩል ይመለከታል። የእኛን የከባድ መኪና ሹፌሮች ብዛት ለሚያውቅ ሰው ታሪኩ ሩቅ አይደለም።

መውጫ መንገድ የለም ማለት አይደለም። ነገሩን የሚያውቅ ጠበቃ ዐቃቤ ሕጉን ዕፅ የሚል ስም የሌለው ሌላ ክስ ይጠይቀዋል፤ ሁከት መፍጠር፣ ያለ ፈቃድ መግባት ወይም ሌላ እንደ ጉዳዩ። አንዳንዴ ደንበኛው ከፍ ያለ መቀጮ ወይም ረዘም ያለ የማኅበረሰብ አገልግሎት ይቀበላል፤ ወረቀቱ ግን ይተርፋል። አክስቱ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሆነው የተመኙት «ቀላል ቅጣት» ከዚህ ጋር ሲመዘን ከባዱ እሱ ነው። የመባረር ክስ የቀረበበት ግሪን ካርድ ያለው ሰውም፣ ወንጀሉ ከከባዱ ምድብ ካልሆነና ረጅም ዘመን የኖረ ከሆነ፣ የኢሚግሬሽን ዳኛው እንዲምረው ሊጠይቅ ይችላል። ያኔ ግን ውሳኔው በሌላ ሰው መልካም ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሏል።

ጠበቃ ማን ያውቃል?

ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚደወለው ለሚያውቁት ሰው ነው። «ጎበዝ ጠበቃ ታውቃለህ?» የሚሰጠው ስም ብዙ ጊዜ የመኪና አደጋ ካሳ ያስከፈለ ወይም የእህትን የጋብቻ ወረቀት የሠራ ሰው ነው። በሙያው ጎበዝ ይሆናል፤ የወንጀል ችሎት ግን ሌላ ሙያ ነው። ከዚያም የባሰ አለ። ፎርም የሚሞሉ፣ ጠበቃ ያልሆኑ፣ አማርኛ ስለሚናገሩ ብቻ የሚታመኑ ሰዎች «ግድየለህም፣ አምነህ ጨርስ» ሲሉ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለው ምክር ያበላሸውን በኋላ ማንም አይጠግነውም።

አማርኛ መናገር ለጠበቃ መልካም ነገር ነው፤ የመጀመሪያው መስፈርት ግን አይደለም። የመጀመሪያው፣ በዚያው ፍርድ ቤት፣ እንዲህ ባለ ክስ ላይ፣ በቅርቡ ሠርቷል ወይ? የሚለው ነው። የእያንዳንዱ ግዛት የጠበቆች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ ስሙን አስገብቶ ፈቃዱ የጸና መሆኑንና የዲሲፕሊን ቅጣት ያለበት መሆን አለመሆኑን ማየት ይቻላል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቀጥሎ «ዜጋ አይደለሁም። ይህ ክስ በወረቀቴ ላይ ምን ያመጣል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥሩ ጠበቃ መልሱን ባያውቅ አላውቅም ብሎ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክራል። «እሱን በኋላ እናያለን» ካለ ግን ሌላ መፈለግ ነው። ከመፈረም በኋላ የሚታይ ነገር የለምና።

ስለ ክፍያ ማፈር አያስፈልግም። ብዙዎች ለወንጀል ጉዳይ አንድ ጊዜ የተቆረጠ ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ዋጋው እስከ ድርድሩ ብቻ ነው ወይስ ሙሉ ክርክሩንና ይግባኙን ይጨምራል? በጽሑፍ ይሁን። በወንጀል ጉዳይ «ካሸነፍኩ ትከፍለኛለህ» የሚል ውል በጠበቆች ሥነ ምግባር የተከለከለ ነው። ውጤቱን ዋስትና የሚሰጥ ጠበቃም አይታመንም።

ገንዘብ ለሌለው ሰው መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 በጌዲዮን ጉዳይ ወስኗል። እኛ ግን ይህን ጠበቃ «የመንግሥት ጠበቃ» ስንለው ከዐቃቤ ሕግ ጋር እናምታታዋለን። «ከሳሹም መንግሥት፣ ጠበቃውም የመንግሥት፤ ምን ሊያደርግልኝ?» ያለኝ ሰው አለ። ትክክለኛው ስም አገር ቤት የምናውቀው ተከላካይ ጠበቃ ነው። ታማኝነቱ ለደንበኛው ብቻ ነው። ፌርፋክስ፣ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ ቋሚ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አላቸው። እዚያ የሚሠሩት በየቀኑ አንድ ችሎት ውስጥ ስለሚውሉ ዐቃቤ ሕጎቹን በስም፣ የዳኞቹንም ጠባይ በቅርብ ያውቃሉ። ጉዳይ ይበዛባቸዋል፤ ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ዜጋ አለመሆንን እነሱ እስኪጠይቁ መጠበቅ አያሻም። በቨርጂኒያ ጥፋተኛ የተባለ ሰው የዚህን ጠበቃ ክፍያ በፍርድ ቤቱ ወጪ ውስጥ ሊጠየቅ እንደሚችልም ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

> ከእስር ቤት የሚደወል ስልክ ይቀዳል። አማርኛ መሆኑ አይደብቀውም።

ከጠበቃ ጋር የሚነገር ነገር ምሥጢር ነው፤ ዘመድ አብሮ ከተቀመጠ ግን ምሥጢርነቱ ሊላላ ይችላል። ለእኛ ይህ ይከብዳል። ቤተሰብ ሲጨነቅ ሁሉም ክፍሉ ውስጥ መግባት ይፈልጋል፤ መውጣት እንደ መክዳት ይመስላል።

«አጥፍቻለሁ»

አስተርጓሚዋ ከሁሉ በላይ የሚከብዳት ቃል «አጥፍቻለሁ» እንደሆነ ነግራኛለች። በአማርኛ ትሕትና ነው። የዘገየ ሰው፣ ብርጭቆ የሰበረ ሰው፣ ታላቁን የተቆጣ ሰው ይለዋል፤ ይባልና ይታረቃሉ። ችሎት ላይ ተከሳሽ ሲለው እሷ ግዴታዋ ስለሆነ እንዳለ ትተረጉመዋለች። አትመክር፣ አትቀንስ፣ አትጨምር። «አንዳንዴ ዓይኑን እያየሁ፣ ይህን ሰው ማንም እንዳልመከረው አውቃለሁ» አለችኝ። «አፌ ግን የእሱ አፍ ነው።»

የልጁ ስም የተጠራው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቀበቶውን አክስቱ ጭን ላይ ጥሎ ተነሣ። ቆሞ፣ ሁለት እጁን አጣምሮ፣ ራሱን ዝቅ አደረገ። የዕለቱ አስተርጓሚ ከጎኑ ሆኖ የክሱን ስም አነበበለት። ልጁ «ክቡር ዳኛ፣ እኔ...» ብሎ ሲጀምር ዳኛዋ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። ዛሬ ስለ ተደረገው ነገር እንዳይናገር፣ የሚጠይቁት ስለ ጠበቃ ብቻ መሆኑን ነገሩት። ጠበቃ በራሱ ይቀጥራል? ፍርድ ቤቱ ይመድብለት? ወይስ ያለ ጠበቃ ይቀጥላል? ልጁ ዞር ብሎ አክስቱን አየ። እሳቸውም ወደ እኔ ዞሩ። ኮሪደሩ ላይ የተነጋገርነው ትዝ ብሏቸው መሰለኝ፣ በጣታቸው ወደ ዳኛዋ አመለከቱት። «ይመደብልኝ» አለ።

የገቢውን መጠን የሚገልጽ ቅጽ ሞላ፤ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠው። በዕለቱ ችሎት የነበረች ወጣት ተከላካይ ጠበቃ ቢጫ ወረቀቷን ይዛ ተከትላው ወጣች። ስሟን ከነገረችው በኋላ ያስቀደመችው ጥያቄ ጫቱን አልነካም፤ የት ተወለድክ፣ በምን ወረቀት ነው ያለኸው? ነበር። አክስቱ አቃፊውን አንሥተው አብረው ሊገቡ ሲሉ በአክብሮት ውጭ እንዲቆዩ ጠየቀቻቸው። የግሪን ካርዱን ቅጂ ብቻ ተቀብላ በሩን ዘጋች።

ሴትዮዋ አግዳሚው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ስልካቸው ጮኸ፤ የልጁ እናት ናቸው፣ ከአዲስ አበባ።

«ገና ነው» አሉ፤ ቀበቶውን በእጃቸው እየጠቀለሉ። «ኧረ ምንም አልተናገረም። ምንም አላለም።»